ለሁለት እስረኞች ስንቅ

ታናሽ ወንድሜን የገደለው የጎረቤታችን ልጅ ነው። ሁምቦ ውስጥ የእናቴን ማሳ ከእነሱ ማሳ የሚለየው አንድ ጠባብ የሣር መስመር ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ መሬት እንደገና ሊከፋፈል ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ ድሮ ከብት ብቻ የሚግጠው ያ መስመር የጠብ መነሻ ሆነ። አንድ ጠዋት ወንድሜ በሬዎቹን እየነዳ ሲደርስ መስመሩ ታርሶ አገኘው። ተሰዳደቡ። ወንድሜ በያዘው ጅራፍ የልጁን ፊት መታው። ልጁ ወደ ቤቱ ሮጦ ገባና ቆንጨራ ይዞ ተመለሰ።

እኔ ያን ጊዜ ሶዶ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ከመንደራችን የተላከ አንድ ሽማግሌ ክፍሌ በር ላይ ቆሞ፣ ወንድምሽን ትንሽ አሞታልና ነይ አለኝ። ለትንሽ ሕመም ከሁምቦ ድረስ ሰው እንደማይላክ ስለማውቅ ጠመኔውን እንኳ ሳላስቀምጥ ወጣሁ። ባለቤቴን ከእንጨት ሥራ ቤቱ ጠርቼው ወደ ቆላ በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ እጄን እንደያዘኝ ነበር።

ወንድሜ ማንጎው ጥላ ሥር በጋቢ ተሸፍኖ ተኝቷል። ሴቶቹ ሊይዙኝ ሲሞክሩ አመለጥኳቸውና ጋቢውን ገለጥኩት። አንገቱ ከትከሻው ጋር በሚገናኝበት በኩል እስከ አጥንቱ ተከፍቷል። ቆንጨራውን ሊመክት ያነሳው ግራ እጁ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። አፉ ውስጥ አፈር ነበር። ከሁሉም የከፋብኝ ያ አፈር ነው፤ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ያን ሰሞን የታረሰውን መሬት ነክሶ ነው የሞተው። አፈሩን በጣቴ ከጥርሶቹ መሐል ማውጣት ስጀምር ባለቤቴ ከኋላዬ ተንበርክኮ፣ «ተይው፣ እኔ አጥበዋለሁ» አለኝ። አጠበውም። ከዚያ በፊት ብዙ ሬሳ በእጁ እንዳለፈ አያያዙ ይናገር ነበር።

በማግስቱ ቀብር ሆነ። ዱቡሻ በሚባለው የመንደሩ መሰብሰቢያ ሜዳ ላይ ወንዶቹ ጦር እየሰበቁ ከወዲያ ወዲህ ሮጡ፤ ሴቶቹ ፊታቸውን ነጩ። የነፍስ አባታችን ፍትሐቱን ጨርሰው፣ በቀሉን ለእግዚአብሔር ተዉለት ብለው ለመኑ። የሰማቸው የለም። ታላቅ ወንድሜ ሕዝቡ መሐል ቆሞ፣ የእነሱ ቤት እንደ እኛ ቤት እስኪያለቅስ ድረስ የለበሰውን ጥቁር እንደማያወልቅ ማለ። ሁለተኛው ወንድሜ ከጎኑ ቆሞ ነበር፤ እሱም ማለ።

ገዳዩ በዚያው ቀን ለፖሊስ እጁን ስለሰጠ ሊያገኙት አልቻሉም። ስለዚህ ከቀብር የተመለሱት ጎረምሶች ወደ ቤቱ ሄደው የሣር ጎጆው ላይ እሳት ለቀቁበት። የቤቱ ወንዶች ቀድመው ሸሽተዋል። አሮጊት እናታቸው ግን የታሰረውን ጥጃ ልትፈታ ገብታ ውስጥ ቀረች። ጩኸቷን ሁላችንም ሰማነው። ሐዘን ላይ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ተነሥቶ የሮጠው ባለቤቴ ብቻ ነው። ጋቢውን በራሱ ላይ ጠቅልሎ ገባና አሮጊቷን ተሸክሞ ወጣ። ፀጉሯ ይጨስ ነበር። ጥጃው እዚያው ተቃጠለ፤ ሽታው እስከ እኛ ድንኳን ድረስ መጣ።

ታላቅ ወንድሜ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቀው። «አንተ የማን አማች ነህ?»

«የእናንተ።»

«ታዲያ የማንን እናት ነው የምታድነው?»

ባለቤቴ ክንዱ ላይ የተላጠውን ቆዳ ሊያጥብ ወደ ውሃው እንስራ ሄደ።

ስለ ባለቤቴ መናገር አለብኝ። ሳገባው ወታደር ነበር፤ ሰሜን ጦር ግንባር ብዙ ዓመት ቆይቶ ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እግሩን ሶዶ የደረሰ አሥር አለቃ። ጭኑ ውስጥ ያልወጣ የፈንጂ ስብርባሪ አለ። በመጣበት ዓመት ሰው አልነበረም። በር በኃይል ከተዘጋ መሬት ላይ ይወድቃል። አንድ እሑድ ጠላ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሳቀብኝ ብሎ ጉሮሮውን አንቆ ይዞ፣ ለአራት ሆነው ነው ያላቀቁት። ሰውየው ዓይኑ ተገልብጦ ምላሱ ወጥቶ ነበር። ባለቤቴ ወደ ቤት ተመልሶ እጆቹን በሳሙና ደጋግሞ ታጠበ። ቀጥሎ የሚሞተው ሰው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ፣ ወደ እናትሽ ሂጂ አለኝ። አልሄድኩም።

በዚያ ሰሞን ነው ከሶዶ ዳር፣ ዳሞታ ተራራ ሥር በጭቃ ቤት ከሚሰበሰቡ ጥቂት ምእመናን ጋር የተገናኘው። መኖናይት ከሚባሉት ወገን ናቸው። ወላይታ ውስጥ ፕሮቴስታንት ሞልቷል፤ እነዚህ ግን ከሌሎቹ የሚለዩት ጦር መሣሪያ አለመያዛቸው፣ አለመማላቸው፣ ጠላትን መውደድ የሚለውን ትእዛዝ እንዳለ ቃል በቃል መውሰዳቸው ነው። ሰባኪያቸው በደርግ ጊዜ ታስረው ግርፋት ያነከሳቸው ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤቴን የያዘው ስብከታቸው አልነበረም። የገረፋቸው ሰው ሥልጣኑን አጥቶ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ሲለምን ምሳቸውን ከእሱ ጋር ሲበሉ በዓይኑ ማየቱ ነው።

ሲጠመቅ እናቴ በጣም ተቆጣች። ቤተሰባችን ኦርቶዶክስ ነው፤ እሱም በአርባ ቀኑ ክርስትና የተነሣ ልጅ ነው። ጥምቀት እንደ ልብስ ተደጋግሞ የሚታጠብ ነገር ነው ወይ አለችው። እሱ በአርባ ቀኑ የተጠመቀው ሳያውቅ መሆኑን፣ አሁን ግን አውቆ ጠመንጃውን ለመጣል መጠመቁን ነገራት። ቀበሌው ልምድ ያለው ወታደር ነህና ሚሊሻ አሠልጥን ብሎ ሲጠራውም እንቢ አለ። የቆሰለ ካለ እሸከማለሁ፣ መሣሪያ ግን አልይዝም አላቸው። ፈሪ የሚል ስም ወጣለት።

የሞተው ወንድሜ በእሱ ነገር መሳቅ ይወድ ነበር። አንድ ጊዜ ምሳ እየበላን ባለቤቴ ከሰባኪው የሰማውን የጥንት ታሪክ ነገረን። በፈረንጅ አገር እንደገና ተጠመቅህ ተብሎ የሚፈለግ ሰው ከወታደር ይሸሻል። ወንዙ ከብርዱ የተነሣ ረግቶ ሰው በላዩ ይራመድበታል። ሸሽቶ ከተሻገረ በኋላ የሚያሳድደው ሰው የረጋው በረዶ ተሰብሮበት ውሃ ውስጥ ይገባል። ያመለጠው ሰው ተመልሶ ጎትቶ ያወጣዋል።

«ከዚያስ ምን አደረጉት?» አለ ወንድሜ።

«ያዙትና አቃጠሉት።»

ወንድሜ የጎረሰው እስኪያንቀው ድረስ ሳቀ። ባለቤቴም አብሮት ሳቀ። ሁለቱ ይዋደዱ ነበር፤ ይህን የምናገረው በኋላ ሰዎች ባለቤቴ ወንድምሽን አይወደውም ነበር ስላሉኝ ነው።

ከአርባው ተዝካር በኋላ ወንድሞቼ ሶዶ መጡ። ባለቤቴ የድሮ ጓደኞቹን ያውቃል፣ አንድ ክላሽ አያጣም ብለው ነው። እሱ ባያደርገው እንኳ መሣሪያውን አግኝቶ ይስጠን አሉ። ባለቤቴ የሚላገውን ጣውላ አስቀመጠና፣ ከእነሱ ጋር ሁምቦ ወርዶ ማሳውን እንደሚያርስ፣ እናቴን እንደሚጦር፣ መሣሪያ ግን እንደማይፈልግላቸው ነገራቸው። ሁለተኛው ወንድሜ እግሩ ሥር ምራቁን ተፋ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ልቤ ከወንድሞቼ ጋር ነበር። የዚያ አፈር ነገር ከዓይኔ አልጠፋም።

ገዳዩ ሶዶ ወህኒ ቤት ስለገባ ወንድሞቼ ዓይናቸውን ታላቅ ወንድሙ ላይ ጣሉ። እሱ ጠቡ ውስጥ አልነበረበትም፤ ከአረካ ወዲያ ዝንጅብል እየገዛ ሶዶ ገበያ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ቤታቸው ከተቃጠለ በኋላ ሁምቦ አልረገጠም፤ ገበያ ግን መምጣት ነበረበት።

የባለቤቴ ሥራ ቤት ከዝንጅብል ተራው ፊት ለፊት ነው። በዚያ የገበያ ቀን ምሳውን ይዤ እየሄድኩ ሳለ ሁለቱን ወንድሞቼን ከጆንያዎቹ መሐል ሲወጡ አየኋቸው። ጥቁሩን እንደለበሱ ናቸው። ነጋዴው ጆንያ ለመስፋት አጎንብሶ ነበር። ሁለተኛው ወንድሜ በዱላ ማጅራቱን መታው፤ የሰማሁት ድምፅ ዱባ ሲወድቅ ከሚሰማው አይለይም። ነጋዴው በዝንጅብሉ ላይ ተዘረጋ። ገበያተኛው እየተረጋገጠ ሸሸ። ታላቅ ወንድሜ ቆንጨራውን ከኮቱ ሥር አወጣ።

ባለቤቴ እንዴት እንደደረሰ አላየሁም። ሳየው የእንጨት ብናኝ እንደለበሰ ነጋዴው ላይ ተኝቶበታል። ቆንጨራው ግን መውረድ ጀምሮ ነበር። ቀኝ እጁን አነሣ። ስለቱ መዳፉ ላይ አርፎ ጣቶቹን ይዞ ወረደ። ደሙ የታላቅ ወንድሜን ፊት ረጨው። ታላቅ ወንድሜ ቆንጨራውን እንደያዘ ቆመ፤ የቆረጠው ማንን እንደሆነ የገባው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ሁለተኛው ግን አላቆመም፤ በዱላው የባለቤቴን ጀርባና ጎድን ይወቅጠዋል። ምሳውን ጥዬ ዱላውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ወረወረኝ። ተነሥቼ እንደገና ያዝኩ። ባለቤቴ ከሥር፣ በወላይትኛ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ኢሻ፣ ይብቃህ» አለ። ኢሻ ማለት ወንድሜ ማለት ነው። ሁለቱም ወንድሞቼ «ለእኔ ነው የተናገረው» ይላሉ እስከ ዛሬ። ዱላው ቆመ።

ሰዎች ሁለቱን ቁስለኞች በአንድ ጋሪ ጭነው ኦቶና ሆስፒታል አደረሱልን። ነጋዴው የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ ነበር፤ ተረፈ፣ አንድ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም። የባለቤቴ ሦስት ጣቶች ሊድኑ አልቻሉም። ከቀኝ እጁ አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ቀሩ። ለአናጢ ይህ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ በልቤ የነበረውን ሁሉ ነገርኩት። አንተ ጠመንጃ ይዘህ ቢሆን ኖሮ ማንም አይነካህም ነበር፣ ሃይማኖትህ እጅህን በላው አልኩት።

«ጠመንጃ ብይዝ ኖሮ ዛሬ የምታለቅሺው ለእነሱ ነበር። እኔ መሳት አላውቅም» አለኝ።

ፖሊስ ወንድሞቼን በዚያው ቀን ይዟቸዋል። እናቴ ከሁምቦ መጥታ የባለቤቴን እግር ይዛ ለመነችው። በግርግሩ ማን እንደቆረጠኝ አላየሁም በል፣ ሌላ ምንም አንጠይቅህም አለችው። ከአልጋው ወርዶ አነሣትና፣ ምሕረት እንዲያደርጉላቸው ዳኛውን እንደሚለምን፣ መዋሸት ግን እንደማይችል ነገራት። እናቴ ስትወጣ ዞር ብላ አላየችኝም።

ባለቤቴ ለምስክርነት ፍርድ ቤት ሲቀርብ መጀመሪያ ጠብ የመጣው በመሐላው ነው። እንዲምል ታዘዘ።

«አልምልም ጌታዬ» አለ።

ዳኛው ማስረጃህን ልትደብቅ ነው ወይ አሉት።

«አልደብቅም። ሳልምል የምናገረውም እውነት ነው። ስምል ብቻ እውነት የምናገር ከሆነ በሌላው ቀን ውሸታም ነኝ ማለት ነው።»

ችሎቱ ውስጥ የነበረው ሰው አጉረመረመ። ዳኛው ተቆጥተው ሌላ ቀጠሮ ሰጡ፤ በቀጠሮው እውነት እንደሚናገር አረጋግጦ ብቻ ተቀበሉት። ማን ቆረጠህ ተብሎ ሲጠየቅ በፋሻ በተጠቀለለው እጁ ታላቅ ወንድሜን አመለከተ። ከዚያ እንዲምሩለት ለመነ። እናቴ ከኋላ ደረቷን መታች። ልመናው ቅጣቱን ያቅልለት አያቅልለት አላውቅም፤ ሁለቱም ተፈረደባቸው፤ የሁለተኛው አጭር፣ የታላቁ ረጅም።

ከዚያ በኋላ እናቴ ወይ እሱን ወይ እኛን ምረጪ አለችኝ። አልመረጥኩም፤ ከእሱም ጋር ግን ለብዙ ጊዜ የማወራው ስለ ቤት ጉዳይ ብቻ ነበር። እሱ በግራ እጁ መጋዝ መያዝ ይለማመዳል። እንጨቱ ይንሸራተትበታል፤ እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ ሲወድቅ እሰማለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ለወንድሞቼ ያዘጋጀሁትን ስንቅ ይዞ ወህኒ ቤት ይሄዳል። ሁለተኛው ወንድሜ አይወጣለትም፤ ታላቁ ይወጣል፣ ስንቁን ይቀበላል፣ ሳያናግረው ይመለሳል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ወጥ ቤት ውስጥ ቁርቁፋ ሲሠራ አገኘሁት። የበቆሎውን ሊጥ በግራ እጁና በሁለቱ ጣቶቹ እየጠቀለለ ጎመኑ ላይ ይጥላል፤ ግማሹ መሬት ላይ ነው። ለማን ነው አልኩት። ገዳዩ እዚያው ወህኒ ቤት እንደሆነ፣ ከቤተሰቡ ሶዶ ደፍሮ የሚመጣ እንደሌለ፣ ማንም እንደማይጠይቀው ነገረኝ። ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል አለኝ። እኔ ለወንድሜ ገዳይ እሳት አላነድም አልኩት። «አንቺን አልጠየቅሁም» ብሎ ሊጡን መጠቅለሉን ቀጠለ።

ስለዚህ ሁለት ሳህን ይዞ መሄድ ጀመረ። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲያውቅ የመጣለትን ስንቅ በበሩ ላይ በእርግጫ ደፋው። በዚያው ቀን ግቢ ውስጥ ገዳዩን አግኝቶ በውሃ ባልዲ ፊቱን መታው፤ የፊት ጥርሶቹን አረገፈ፤ ወድቆም ሳለ ደረቱ ላይ ቆመበት። ጠባቂዎች በቆመጥ ደብድበው ለያዩአቸው፤ ወንድሜን በእግር ብረት አሰሩት። ባለቤቴ ይህን ሰምቶ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። ከጋብቻችን ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምናልባት የማደርገው ሁሉ ነገሩን እያባሰው ነው አለኝ። ሰባኪው ሽማግሌ እያነከሱ መጥተው ከእሱ ጋር ተቀመጡ። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሁለቱን ሳህን ይዞ ሄደ። ለገዳዩ ጥርስ ስለሌለው ገንፎ ነበር። እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ። ለባለቤቴ ብዬ እንጂ ለሰውየው ብዬ አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ ክረምት መጣ። ዝናብ በሚጥልበት አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። ታላቅ ወንድሜ ከሽቦው ወዲያ ቆሞ ስንቁን ሲቀበል የባለቤቴ እጅ ላይ ዓይኑ አረፈ። ያ እጅ በብርድ ጊዜ ይጠቁራል።

«ሲበርድ ያምሃል?» አለው።

«ያመኛል።»

ወንድሜ ሳህኑን ብብቱ ሥር ያዘ። ከዚያ፣ «በሙቅ ጨው እሠረው» ብሎ ገባ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ቃል ይነጋገሩ ጀመር፤ ስለ እናቴ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬዎቹ። ስለ ገዳዩ አልተነጋገሩም። ዳግመኛ ግን አልነካውም።

ከሁለተኛው ቆይቶ ታላቅ ወንድሜ ሲፈታ የሁለቱ ቤተሰብ ሽማግሌዎች ዱቡሻው ላይ አስቀመጡን። ያ የሣር መስመር ማንም እንዳያርሰው፣ የሁለቱም ከብት እንዲግጠው ተወሰነ። ፀጉሯ የተቃጠለው አሮጊት ሞታ ነበር፤ አንድ ጆሮው የማይሰማው ነጋዴ በእሷ ቦታ ተቀመጠ። ወንድሜ ጥቁሩን ሕዝብ ፊት አወለቀ። ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ እናቴን መርቂያቸው አሏት። እናቴ ተነሥታ፣ «አልረግማቸውም። ምርቃቱን ግን ከእኔ አትጠብቁ» ብላ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ይህን ተቀበሉ።

ገዳዩ የተፈታው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ ሶዶ በባጃጅ ከተሞላች በኋላ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳና ከፈትኩ። ጎልማሳ ሰው ነው፤ የፊት ጥርስ የለውም፤ ማንነቱን ያወቅሁት በእሱ ነው። ባለቤትሽ አለ ወይ አለኝ። አንገቱን ደፍቶ ነበር። እጄን ልሰጠው አልቻልኩም። ግባ አልኩት። ወንበር ሰጠሁት፤ ውሃ አመጣሁለት። ብርጭቆውን ሳቀብለው ጣቱ እጄን ነካኝ።

ጓሮ ወጥቼ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። እኔ በባለቤቴ ወንዝ አልተጠመቅሁም፤ አሁንም የማስቀድሰው እናቴ በምታስቀድስበት ነው። ይቅር ብያለሁ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማኛል። ሰውየው ሥራ እንዳላገኘ ይናገራል። ባለቤቴ በግራ እጁ ብቻ ረጅም ጣውላ መያዝ እንደሚያስቸግረው፣ ከሌላው ጫፍ የሚይዝለት ሰው እንደሚፈልግ ይነግረዋል። እጄን ታጥቤ፣ ምሳ ላቀርብላቸው ገባሁ።